የዱባዩ መርፌ እና ደሴ የታዘዘው መርፌ

ደብዳቤው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። እማዬ 57 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆናት። ሜትፎርሚንና ዳኦኒል እየወሰደች ነው የኖረችው። ዘንድሮ ግን ኪኒኑ እንቢ አለ። ባለፈው ሳምንት ደሴ ለቀጠሮ ወስጃት በባዶ ሆድ 286 ሆነ። የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ ደግሞ 11.4። ዶክተሩ ማታ ማታ የሚወጋ ኢንሱሊን ጻፈላት፣ ኤን ፒ ኤች የሚባል፣ 10 ዩኒት። እሷ ግን ‹መርፌ ከተጀመረ አለቀ ማለት ነው› ብላ አሻፈረኝ አለች። ጎረቤታችን ኢንሱሊን በጀመሩ በዓመታቸው ዓይናቸው ጠፋ። እሱን አይታ ነው። ታናሽ እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። እዚያ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወጋ መርፌ አለ፣ ኦዜምፒክና ሞንጃሮ የሚባል፣ ከኢንሱሊን ይሻላል፣ ያከሳል ደግሞ፣ ልላክላት እያለች ነው። እማዬም ‹በሳምንት አንዴ ከሆነስ እሺ› ብላለች። በረመዷንስ እንዴት ነው የምትሆነው? በአምስት ወር ከ63 ኪሎ ወደ 54 ወርዳለች፣ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ትነሳለች። የቱ መርፌ ይሻላል?
ልጇ፣ ከኮምቦልቻ»

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። እናትሽን ይዘሽ ደሴ መውጣትሽ፣ ቁጥሮቹን ደግሞ ጽፈሽ መያዝሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስውል «ስንት ሆነ?» ብዬ ስጠይቅ «ከፍ ብሏል አሉኝ» የሚለኝ ነው የሚበዛው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው ዓይኔ ወደ ዱባዩ መርፌ ሄደ። ዘንድሮ ስለሱ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። በሁለተኛው ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ያዘችኝ። ከ63 ወደ 54። በአምስት ወር ዘጠኝ ኪሎ። እናትሽ ልክሳ ብለው አይደለም የከሱት። እህትሽ «ያከሳል ደግሞ» ያለችው እንደ ምራቂ ቆጥራው ነው። ለእናትሽ ግን ምራቂ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ሳይፈልግ ሲከሳ፣ ውሃ ውሃ ሲለው፣ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ፣ ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን አንሶታል ማለት ነው። የሰኞውን የባቲ ገበያ አስቢው። እህሉ ተቆልሏል፣ ተሸክሞ ቤት የሚያደርሰው ሰው ግን የለም። ገበያው ሞልቶ ቤቱ ይራባል። ደም ውስጥ ያለው ስኳርም እንዲሁ ነው። ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት የራሱን ጮማና ሥጋ እየፈታ ይበላል። የተረፈው ስኳር በሽንት ይወጣል፣ ሲወጣም ውሃ ጎትቶ ነው። ሌሊት አራት አምስቴ የሚያስነሳቸው ይኸው ነው።

ዶክተሩ ኢንሱሊን የጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። የሦስት ወሩ ከ10 ሲያልፍ፣ ወይ ስኳሩ 300 ሲደርስ፣ ወይ ሰውየው እየከሳ ሲሄድ ኢንሱሊን ይታሰብ ይላሉ የስኳር ሕክምና መመሪያዎች። እናትሽ ሁለቱን አሟልተዋል። 286ም ከ300 ብዙ አይርቅም።

አሁን ወደ እህትሽ መርፌ። ወሬ አይደለም፣ የምር መድኃኒት ነው። ምግብ ስንበላ አንጀታችን ጂ ኤል ፒ 1 የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ቆሽትን «ምግብ መጥቷል፣ ኢንሱሊን አውጣ» ይለዋል። ጨጓራን «ቀስ በል» ይለዋል። አንጎልን «ጠግበናል» ይለዋል። ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈርሳል። እነዚህ መርፌዎች ያንን ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ፣ ቶሎ የማይፈርሱ ናቸው። የመጀመሪያው ኤክሴናታይድ ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። መነሻው ጊላ ሞንስተር የምትባል የበረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። (ይቺን ለእናትሽ እንዳትነግሪያቸው።) ከዚያ በየቀኑ የሚወጋው ሊራግሉታይድ መጣ። በሳምንት አንዴ የሚወጋው ዱላግሉታይድ ተከተለ። ኦዜምፒክ ማለት ሴማግሉታይድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጸደቀ። ሞንጃሮ ማለት ቲርዜፓታይድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022። ይኼኛው አንድ ሳይሆን ሁለት የአንጀት ሆርሞኖችን ነው የሚያስመስለው። ሁለቱን ፊት ለፊት ያወዳደረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ ነበር። ሞንጃሮው ከ1 ሚሊግራም ኦዜምፒክ ይልቅ ስኳርንም ክብደትንም አወረደ።

እንግዲህ ቦርጭ ያለው፣ ልቡ ወይ ኩላሊቱ የተነካ፣ የሦስት ወሩ 8 ወይ 9 የሆነ ሰው ቢጠይቀኝ «እህትህ ልክ ናት፣ አቅም ካለና ሐኪምህ ካዘዘ ከኢንሱሊን በፊት እሱን ሞክር» እለዋለሁ። ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ልብንም ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 እነዚህን መርፌዎች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ከውፍረት ጋር የልብ ወይ የኩላሊት ሕመም ላለባቸው የስኳር ታካሚዎች ነው። ኢንሱሊን በአንጻሩ ጥቂት ኪሎ ይጨምራል። ለዚያ ቦርጫም ሰውዬ ይኼ ራስ ምታት ነው። ለእናትሽ ግን የጎደለባቸው ነው።

ሌላም አለ። የሳምንቱ መርፌ ቆሽትን ይቀሰቅሳል እንጂ የቆሽትን ሥራ አይተካም። ከ11 ዓመት በኋላ ደክሞ የተኛ ቆሽት ብትቀሰቅሺውም ላይነሳ ይችላል። መጠኑ ደግሞ ከትንሽ ነው የሚጀመረው። ኦዜምፒክ የመጀመሪያዎቹን 4 ሳምንታት በ0.25 ሚሊግራም ነው፣ ሞንጃሮም 4 ሳምንት በ2.5። ያ ጨጓራ እንዲለምድ ነው፣ ሙሉ ሥራውን የሚሠራ መጠን አይደለም። ስለዚህ እናትሽ በ286 ስኳር ወር ሙሉ ሊጠብቁ ነው። ምግብ እየዘጋቸው። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ ወይ ድርቀት እዚህ መድኃኒት ላይ የተለመደ ነው፣ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ። 54 ኪሎ የሆነ ሰው ላይ ይኼን መጫን አይታየኝም።

ከዚያ መንገዱ አለ። ያልተከፈተ ፔን (መድኃኒቱን የያዘው እንደ እስክርቢቶ ያለ መርፌ) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከያዘው ደግሞ ይጣላል። ከዱባይ ቦሌ፣ ከቦሌ ኮምቦልቻ ድረስ በሰው ሻንጣ ሲመጣ ስንት ሰዓት ምን ውስጥ እንደቆየ ማን ያውቃል? በመኪና ከሆነ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ወር አያልቅም፣ በየወሩ ነው። እህትሽ ሥራ ብትቀይርስ? ኮንትራቷ ቢያልቅስ? እናትሽ ስኳር አለባቸው ዛሬም፣ ከአምስት ዓመት በኋላም። አስመስለው የሚሠሩም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ ፔን ላይ እህትሽ ገንዘቧን እንዳታጠፋ።

በሩን ግን አልዘጋም። እናትሽ ተረጋግተው፣ ኪሏቸው ተመልሶ፣ ከዓመት በኋላ የልብ ወይ የኩላሊት ነገር ከመጣ ጥያቄውን ለዶክተሩ መልሰሽ አንሺው። ሁለቱ መርፌዎች ጠላቶች አይደሉም፣ አብረው የሚታዘዙበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔም ታይሮይድ ካንሰር በቤተሰብ ውስጥ እንዳለ፣ ቆሽታቸው ከዚህ በፊት ቆስሎ እንደሆነ ይጠየቃል። ዳኦኒሉም ይታያል፣ ምክንያቱም ከሳምንቱ መርፌ ጋር ሲደመር ስኳርን ከልክ በታች ሊጥል ይችላል።

ስለ ክሳቱ አንድ ጥያቄ ለዶክተሩ ጨምሪ። ያስላቸዋል? ማታ ያልባቸዋል? ስኳር ያለበት ሰው ቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው። ክሳቱ ከስኳሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ግን አክታና ራጅ ቢታዩ አይጎዳም። ማስታወክ ከጀመሩ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏቸው ከተቀያየሩ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

የጎረቤታችሁን ዓይን እንይ። እናትሽን ያስፈራው እሱ ነውና። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ከዓይን ኋላ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበላል። ሲበላ አያምም። ሰው ኢንሱሊንን ለዓመታት ሲሸሽ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይጀምራል። ዓይኑ በዚያው ሰሞን ሲጠፋ ኢንሱሊኑ ይከሰሳል። ቤት ሲቃጠል ባልዲ ይዞ የደረሰውን ሰው «አንተ ነህ ያቃጠልከው» እንደማለት ነው። አንዲት እውነት ግን አለች። ለረጅም ጊዜ ከፍ ያለ ስኳር በድንገት ሲወርድ፣ በኢንሱሊንም ሆነ በኦዜምፒክ፣ ቀድሞ የተጎዳ ዓይን ለጊዜው ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ መርፌው ሳይዘገይ፣ የዓይን ምርመራውንም በዚሁ ሰሞን አስደርጊላቸው። ጠብታ ጨምረው የዓይኑን ኋላ የሚያዩበት ምርመራ ነው፣ የመነጽር ልኬት አይደለም።

«ተጀመረ አለቀ» ለሚለው፣ እናትሽ ጋር በክርክር አትግቢ። የሰው እናት በክርክር አትረታም። «እማ፣ እስከሚቀጥለው የሦስት ወር ምርመራ ብቻ» በያቸው። ሌሊት መነሳቱ ሲቀንስ፣ ቀሚሱ ልክ ሲመጣ ራሳቸው ይፈርዳሉ። መርፌው ራሱ ያስፈራቸው ከሆነ አሳዪያቸው። ሰው ኢንሱሊን ሲባል መቀመጫ ላይ የሚወጋው ያ ረጅም መርፌ ነው የሚመጣበት። የኢንሱሊን መርፌ እኮ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ቅጥነቱም ያስገርማል። እኔ አንዴ አንድ አዛውንት ቆመው እየተንቀጠቀጡ አላስችል ብሎኝ ሸሚዜን ገልጬ በአዲስ ባዶ ሲሪንጅ ሆዴን ወጋሁላቸው። «በቃ? ይቺው ናት?» አሉኝ። ይዘው ሄዱ።

አወሳሰዱን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤን ፒ ኤች ሲቀመጥ ነጩ ከታች ይዘቅጣል። አትናጪው፣ አረፋ ይሠራል። በሁለት መዳፍሽ መሀል አሥር ጊዜ ያህል አንከባልይው፣ እንደ ወተት እኩል ነጭ እስኪሆን። ሲሪንጁ ላይ 10 ዩኒት አየር ሳቢ፣ ብልቃጡ ውስጥ ልቀቂው፣ ገልብጠሽ 10 ዩኒት መድኃኒት ሳቢ። አየር ከገባ በጣትሽ መታ መታ አድርገሽ አስወጪው። ከእምብርት ሁለት ጣት ርቀሽ፣ ቆዳውን ቆንጥጠሽ ውጊ፣ እስከ አሥር ቆጥረሽ ንቀዪ። አትሺው። በነጋታው ሌላ ቦታ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከተወጋ ቆዳው ያብጣል፣ መድኃኒቱም በቅጡ አይሠራም። ብልቃጡ ላይ 100 ካለ ሲሪንጁም 100 የሚል መሆኑን እይ።

ኤን ፒ ኤች ርካሹ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚገኘው እሱ ነው። ጤና መድህን ካላችሁ በካርዱ እንዲሰጣችሁ ጠይቂ። ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 ሰዓት በኋላ ገደማ ጀምሮ ነው። ማታ 3 ሰዓት ከተወጉ ሌሊት ከ7 እስከ ንጋት ድረስ ጠንቀቅ ማለት ነው። ላንተስ የሚባለው ሌላው ኢንሱሊን፣ ግላርጂን፣ ቀንና ሌሊት እኩል ነው የሚሠራው። ሌሊት ስኳር የመውረድ ነገር ያንስበታል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እናትሽ ሌሊት ሌሊት እየወረደባቸው ካስቸገረ ያኔ ስለሱ ለዶክተሩ አንሺለት። አሁን በኤን ፒ ኤች መጀመር ምንም ነውር የለውም። ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። ዳኦኒሉን ግን «ከመርፌው ጋር ይቀጥል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ስኳር የሚወድቀው።

ሲወድቅ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ልባቸው ይመታል፣ ይርባቸዋል። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አታድርጊ፣ ሐኪም ቤት ይዘሻቸው ሩጪ። ስኳሩን አልጋ አጠገብ አስቀምጪው። ሌሊት ጓዳ ድረስ የሚያስኬድ ነገር አይደለም።

ለማስቀመጡ ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፣ ግን አያስጨንቅም። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ በረዶ ቤቱን አያስነኪው። በረዶ የያዘ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተበላሽቷል። የተከፈተው ብልቃጥ ጥላ ቦታ 4 ሳምንት ይቆያል፣ የከፈትሽበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ። መብራት ሲጠፋ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች ገንቦ ትበቃለች። የሐርቡ ሰዎች እንዲህ ይዘው ሲመጡ አያለሁ፣ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ገንቦዋ ውስጥ፣ ቀዝቅዞ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናትም ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ውስጥ ከፍ ዝቅ በሚል ሙቀት ኢንሱሊን 4 ሳምንት ኃይሉን ጠብቋል።

ረመዷንን ጠይቀሻል። ዛሬ ባሉበት 11.4 ላይ፣ መርፌ ገና በጀመሩበት ሰሞን መጾም ለእናትሽ አደጋ ነው። ይኼን ሳልሸፋፍን ነው የምነግርሽ። ረመዷን ከመግባቱ አንድ ሁለት ወር ቀድማችሁ ዶክተሩ ጋር ግቡ። ከተረጋጉና ከፈቀደላቸው የመርፌውን ሰዓትና መጠን እሱ ያስተካክላል፣ በራሳችሁ አይደለም። ሲጾሙ ቀን ላይ ይለኩ፣ ከ70 በታች ወይ ከ300 በላይ ከሆነ ያፍጥሩ። «ወንጀል እንዳይሆንብኝ» የሚሉ ከሆነ ሼኻቸው ጋር ራሳቸው ይጠይቁ፣ ለታመመ ሰው በሃይማኖቱ መንገድ አለው። ከልጅ ይልቅ ከሼኹ ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

እህትሽ እንዳትቀየም። ገንዘቧን ማውጣት ከፈለገች የስኳር መለኪያ ማሽን ትላክ፣ ከነስትሪፑ (ደሙ የሚነካባት ቁራጭ)፣ ስትሪፑን አብዝታ። ማሽኑ በስትሪፕ ነው የሚኖረው፣ የሌላ ማሽን ስትሪፕ ደግሞ አይገባበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ስትሪፑ የሚሸጥለትን ማሽን ስሙን ጠይቀሽ ንገሪያት፣ እሱን ትግዛ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ እየለካሽ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ዶክተሩ መርፌውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው በዚያ ነው። አንዳንድ ማሽን በሌላ መለኪያ ይመጣል፣ 286 በማለት ፈንታ 15.9 ይላል። እንዲህ ያለ ነጥብ ያለው ትንሽ ቁጥር ካሳየሽ በ18 አባዢው። 9 ካለ 162 ማለት ነው።